ባለ 80 ጥርሱ ዲስክ፦ አንድ የጅማ እንጨት ሥራ ቤት የገጠመው ችግር

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

ሰኔ ውስጥ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ሰዓቱን ጠብቆ ከቀትር በኋላ በሚወርድበት ሰሞን ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት የአንድ አነስተኛ እንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ናቸው። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ሠራተኞቻቸውም እኔም የምንጠራቸው እንደዚያው ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር።

«ነጩ ቺፑድ ጠርዙ እየተሸራረፈ አስቸገረኝ። ምን ዓይነት ዲስክ ልግዛ?»

ቺፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ ዲስክ የሚሉት ደግሞ የማሽን መጋዙን ክብ ባለ ጥርስ ምላጭ ነው። እኔም ማሽኑን ሳላይ፣ እዚያው ስልኩ ላይ፣ «ባለ 80 ጥርስ ይግዙ፤ ጥርሱ ሲበዛ አቆራረጡ ይጠራል» አልኳቸው።

መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ግማሽ መልስ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ደወሉ። አሁን ድምፃቸው ተቀይሯል። ዲስኩ ተገዝቷል። ቺፑዱ አሁንም ይሸራረፋል። ጭራሽ ዋንዛው ሲቆረጥ እየጠቆረ ነው። አንድ ቁራጭ እንጨት ደግሞ ወደ ኋላ ተወርውሮ ልጁን ለጥቂት ስቶታል። በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝና መሄዴ ግዴታ ነበር።

ሥራ ቤቱ፣ ማሽኑና ትዕዛዙ

ሥራ ቤቱ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም አይርቅም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ከጋሼ ጋር ሁለት ሠራተኞችና አንድ ለማጅ ልጅ አሉ። ጋሼ በእጅ መጋዝና በመላጊያ ያደጉ ባለሙያ ናቸው። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ሲያወጡ አይቻለሁ፤ እጃቸው አይስትም። በማሽን ግን ብዙም አልሠሩም። ይህን ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ማሽኑ አሮጌ የጠረጴዛ መጋዝ ነው። ቤቱ ውስጥ ስሙ «ሰርኩላር» ነው። ዲስኩ ከጠረጴዛው ሥር ተገጥሞ፣ ጥርሱ በቀዳዳ ብቅ ይላል። ሞተሩ ላይ ያለው ሰሌዳ በደቂቃ 2,850 ዙር ይላል። በቺንጋ የሚያያዙት ሁለቱ ፑሊዎች (መዘውሮች) በስፋት ስለማይተካከሉ ግን ዲስኩ ጋ ሲደርስ ወደ 4,000 ያድጋል። 4,000 የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ፤ ቆይቶ ይጠቅመናል።

ትዕዛዙ የፋርማሲ መደርደሪያና ባንኮኒ ነው። መደርደሪያዎቹ 14 ናቸው፤ ሁለት ገጹ ነጭ ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ የሚሠሩ። የመደርደሪያዎቹ የፊት ጠርዝ በቀጭን የዋንዛ ጣውላ ይሸፈናል። ባንኮኒው ላይ ሙሉ ዋንዛ ይገባል፤ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ዋንዛ እዚህ ወዴሳም ይባላል። ለመሥራት የማያስቸግር፣ ሲላግ ደስ የሚል እንጨት ነው። ጥፋቱን በእሱ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ስለዚህ ሥራው ሦስት ዓይነት ቁርጥ አለው። ዋንዛውን በቁመቱ መተርተር፣ ዋንዛውን በአግድም መቁረጥ፣ ነጩን ቺፑድ መቁረጥ። ጋሼ ሦስቱንም በአንድ ዲስክ ሊወጡ ነበር። እኔም በስልክ አበረታታኋቸው።

ደንበኛዋ በመሀል መጥታ አይታለች። የመጀመሪያዎቹን አምስት መደርደሪያዎች ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እጅ ይቆርጣል። መድኃኒት የሚያወጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ እዚህ ላይ እጁን ሲያሳልፍ ይውላል» አለች። አምስቱንም አልቀበልም ብላ ሄደች።

ሦስት ቁራጮች

ስደርስ ማሽኑን ከማየቴ በፊት ከእያንዳንዱ ቁርጥ አንድ አንድ ቁራጭ አምጡልኝ አልኩ። ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው፤ ከዚያ በር ላይ አውጥተን በቀን ብርሃን አየናቸው።

የመጀመሪያው ነጩ ቺፑድ ነው። የላይኛው ገጽ ደህና ነው። የታችኛው ገጽ ሩዝ በሚያካክሉ ሽርፍራፊዎች ተበልቷል። የተቆረጠውን ጎን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው እንደ ማጭድ የጎበጡ ጭረቶች ተደርድረዋል። በማስመሪያ ለካሁ። በጭረትና በጭረት መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው። ልጁ እንጨቱን የሚገፋው በደቂቃ 4 ሜትር ያህል ነበር። 4 ሜትር ማለት 4,000 ሚሊ ሜትር ነው። ዲስኩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ዲስኩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እንጨቱ 1 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። ጭረቶቹም የሚራራቁት በ1 ሚሊ ሜትር ነው። 80ዎቹ ጥርሶች በእኩል ቢቆርጡ ኖሮ ጭረቱ ዓይን የማይለየው ድርድር በሆነ ነበር። የሚቧጭረው ነገር ግን በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ዲስኩ መሀሉን ስቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው በቁመት የተተረተረ ዋንዛ ነው። አንዱ ጎኑ ቡና ቆልተው የረሱት ምጣድ መስሏል። ሌላው ጎኑ ንጹሕ ነው። የተቃጠለው ጎን የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁ። እንጨቱ ተደግፎ በሚሄድበት ብረት በኩል ያለው ነው፤ እነሱ «ጋይድ» የሚሉት። ይህም ራሱን የቻለ ፍንጭ ነው።

ሦስተኛው በአግድም የተቆረጠ ዋንዛ ነው። መጨረሻው ላይ ስንጣሪ ወጥቷል። ገጹ ደግሞ ጸጉር ያበቀለ ይመስላል።

መጀመሪያ የነካነው ዲስኩን አይደለም

ማብሪያውን አጥፍተን ገመዱን ከሶኬት ነቀልን። ዲስኩን ፈታን። ዲስኩ ላይ 250፣ 3.2፣ 30 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ቀጥሎ ዜድ ከሚለው የፈረንጅ ፊደል ጋር 80። ስፋቱ ከዳር ዳር 250 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ የሚበላው 3.2፣ የመሀል ቀዳዳው 30፣ ጥርሱ 80 ማለት ነው። የማሽኑ ዘንግ ግን 25.4 ነው። ባለሱቁ «ይገባል» ብሎ ነው የሸጠላቸው። አልተሳሳተም፤ መግባቱስ ይገባል። ክፍተቱን እንዴት እንደሞሉት ሳይ ግን ሳቅሁ፤ ጋሼም አብረውኝ ሳቁ። የቆርቆሮ ስስ ቁራጭ ዘንጉ ላይ ጠቅልለውበታል።

ቆርቆሮው በአንድ ጎን ሁለት ድርብ፣ በሌላው አንድ ነው። ዲስኩ ከመሀል ወደ አንድ ወገን ሸሽቷል። ጫፉ ደግሞ በሮንዴላው፣ ማለትም ዲስኩን ከጎን በሚጨብጠው ክብ ብረት፣ ሥር ገብቶ ዲስኩን በመጠኑ አዝምሞታል። ባለ 80 ጥርስ ብለው ከፍለዋል፤ በየዙሩ ከፍ ብለው መጥተው የሚቆርጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ሌሎቹ ያጅባሉ።

ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደን ቀለበት አስቆረጥን። ውጪው 30፣ ውስጡ 25.4። «25 ተኩል ባደርገው ምን አለበት?» አለ ቶርኖው ላይ ያለው ልጅ። አለበት። ያቺ ትርፍ ክፍተት ናት በየዙሩ የምትቧጭረው። ውፍረቱ ደግሞ 1.6 ብቻ እንዲሆን ነገርነው፤ ምክንያቱም የዲስኩ ገበታ ራሱ፣ ጥርሶቹ የተተከሉበት ዝርግ ብረት፣ 2.2 ነው። ቀለበቱ ከገበታው ከወፈረ ሮንዴላው የሚጨብጠው ቀለበቱን እንጂ ዲስኩን አይሆንም። ይህችን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። ሮንዴላዎቹ ላይ የደረቀውን ሙጫና ዝገትም በብርጭቆ ወረቀት አጸዳን።

ቀጥሎ ጋይዱ። አንድ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። ያንን ጥርስ ወደ ፊት አምጥተን ከጋይዱ ያለውን ርቀት ለካን። ያንኑ ጥርስ በእጅ አዙረን ወደ ኋላ ወስደን እንደገና ለካን። በኋላ በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። እንጨቱ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር በዲስኩና በጋይዱ መካከል ይጨመቃል ማለት ነው። ዋንዛው በጋይዱ በኩል የተቃጠለው ለዚህ ነው። ቁራጩ ተወርውሮ የወጣውም ለዚህ ነው፤ ወደ ላይ የሚነሱት የኋላ ጥርሶች የተጨመቀውን እንጨት ነክሰው ወደ ሠራተኛው መልሰው ይተፉታል። ልጁ ቁራጩ ያረፈበትን ቦታ አሳየኝ። ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ፣ በወገቡ ልክ፣ ጎድጉዷል። ለእንደዚህ ያለ ነገር መከላከያ የሆነው፣ ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው ቀጭን ብረት፣ ማሽኑ ላይ የለም። መቼ እንደወለቀ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

ጋይዱን አስተካክለን፣ በኋላ በኩል የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ እንዲከፈት አደረግን። ከዲስኩ ኋላ የሚቆም ብረትም በየጅ ቤት አሠራን፤ ውፍረቱ ከዲስኩ ገበታ ትንሽ የሚበልጥ፣ ጥርሱ ከሚበላው ግን የሚያንስ። ቀኑ በዚህ አለቀ። ዝናቡም መጣ፣ መብራቱም ሄደ፣ ቡና ተፈላ።

መተርተር፦ አሮጌው ባለ 24 ጥርስ ተመለሰ

በማግስቱ ዋንዛውን በተስተካከለው ባለ 80 ተረተርነው። ማቃጠሉ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። ሞተሩም ያቃስታል። ጋሼ ከኋላ ቆመው «ሱታ! ሱታ!» ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ልጁ ቀስ ባለ ቁጥር እንጨቱ ይበልጥ ይጠቁራል።

ጋሼን ወረቀት ላይ አሳየኋቸው። ባለ 80 ዲስክ በደቂቃ 4,000 ሲዞር 320,000 ንክሻ ነው። እንጨቱ በደቂቃ 4 ሜትር ከሄደ ለአንድ ጥርስ የሚደርሰው ከ0.013 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ያ መቁረጥ አይባልም፣ ማሸት ነው። ሲታሸ ይግላል፣ ሲግል ያራል። ባለ 24 ሲሆን ግን ለአንድ ጥርስ 0.04 ያህል ይደርሳል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ በጥርሶቹ መሀል ያለው ጎድጓዳ ሰፊ ስለሆነ ሰጋቱራውን ጭኖ ይወጣል። በቁመት ሲተረተር የሚወጣው ሰጋቱራ ረጃጅም ነው፤ ባለ 80ው ውስጥ ማረፊያ የለውም።

«እጅ መጋዝም እኮ እንደዚህ ነው» አሉ ጋሼ። «መተርተሪያው ጥርሱ ትልልቅ ነው።» እውነታቸውን ነው። ነገሩን ድሮም ያውቁታል። ማሽን ሲሆን ነው የተምታታባቸው።

አሮጌው ባለ 24 ጥግ ተጥሎ ነበር። «ደንዝዟል» ብለው ነው የጣሉት። ሳየው ጥርሶቹ በቡናማ ሙጫ ተለብጠዋል። አንዱ ሠራተኛ በሞረድ ሊስለው ሞክሮ ነበር። ጥርሱ ጫፍ ላይ የተበየደው ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር ነው፤ ሞረድ አይነካውም፤ የሚነካው ከጥርሱ ኋላ ያለውን ብረት ነው። ደግነቱ ቶሎ ተስፋ ቆርጧል። ዲስኩን ለብ ባለ ውኃና በልብስ ሳሙና ዱቄት ሰፌድ በሚያክል ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ነከርነው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግነው፤ ወዲያው በጨርቅ አደረቅነው። ከጥርሶቹ ሁለቱ ጫፋቸው ተሰብሯል። ቢሆንም ዋንዛውን ያለ ጥቁረት ተረተረው። ትንሽ ይሻክራል፤ ያ ግን በመላጊያ ሁለት ጊዜ ሲታለፍ የሚጠፋ ነው። የተቃጠለ እንጨት ግን በመላጊያም አይጠራም፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ደግሞ ይብሳል።

ነጩ ቺፑድ፦ ዲስክ ብቻውን የማይፈታው

ወደ ዋናው ችግር መጣን። እዚህ ላይ የጥርሱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የጥርሱ አቀራረጽ ይለያል።

የመተርተሪያው ጥርስ ጫፉ እንደ መሮ ቀጥ ያለ ነው። የተገዛው ባለ 80 ግን አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የዘመመ ነው። እንደ ሁለት ቢላ የእንጨቱን ክር ከሁለት ወገን ቀድሞ ይበጥሰዋል። ዋንዛን በአግድም ለመቁረጥ የተሠራ ማለት ይቻላል። ለነጭ ቺፑድ ከዚህ የተሻለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። አንዱ ጥርስ ሁለት ማዕዘኑ ተቆርጦ ከፍ ያለ፣ ቀጣዩ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ። ከፍ ያለው መሀሉን ይከፍታል፣ ጠፍጣፋው ዳሩን ይጠርጋል። ነጩ ሽፋን እንደ ብርጭቆ ደረቅ ስለሆነ በዚህ መልክ ቀስ ብሎ መግባት ይሻለዋል። ካርባይዱም ቶሎ አይደነዝዝም።

ያንን ጅማ ላይ ፈለግነው፤ በዚያ ስፋት አላገኘንም። ጋሼ አዲስ አበባ መርካቶ ላለ ዘመዳቸው ደወሉ። ሥራው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በእጃችን ባለው መሥራት ነበረብን።

ለውጥ ያመጡት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የገጹ አቀማመጥ ነው። ልጆቹ የሚታየውን ገጽ ወደ ታች አድርገው ነበር የሚቆርጡት። ለምን ብዬ ስጠይቅ «እንደዚያ ነው የተማርነው» አሉ። የተማሩት በእጅ በሚያዘው ሰርኩላር ነው። በዚያኛው ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚሸራረፈው የላዩ ገጽ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ወደ ታች ይደረጋል። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ግን ፊት ለፊት ያለው ጥርስ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚሸራረፈው ታቹ ነው። ትምህርቱ ትክክል፣ ማሽኑ ሌላ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ዲስኩ እስከ መጨረሻው ተነስቶ ነበር፤ «ቶሎ እንዲቆርጥ»። በዚያ ከፍታ ጥርሱ የታችኛውን ሽፋን ቁልቁል እየረገጠ ይወጣል። ከሰሌዳው በላይ ጥርሱና ከሥሩ ያለው ጎድጓዳ ብቻ እስኪታይ ዝቅ አደረግነው። ጥርሱ አሁን በአግዳሚ ይወጣል፣ ሽፋኑን የሚገፋው ኃይልም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዲስኩ የሚወጣበት ክፍተት ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ያስገባል። ሽፋኑ ከሥሩ የሚደግፈው ነገር ስለሌለ ይረግፋል። ስስ ኤምዲኤፍ፣ ከደቀቀ የእንጨት ክር ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ፣ በጠረጴዛው ላይ አስረን፣ ዲስኩን እያዞርን ከሥር ቀስ ብለን አነሳነው። ኤምዲኤፉን በራሱ ልክ ቆርጦ ወጣ። አሁን በጥርሱና በድጋፉ መካከል ምንም ክፍተት የለም። ከአራቱ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የፈጀው ሃያ ደቂቃና አንድ ቁራጭ ሰሌዳ ነው።

አራተኛው ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። መጀመሪያ ዲስኩ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ ብሎ የታችኛውን ሽፋን ይጭራል። ከዚያ ጋይዱ ሳይነካ ዲስኩ ይነሳና ሙሉው ይቆረጣል። ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። የመደርደሪያ ሁለት ገጽ ሲታይ ግን አማራጭ አልነበረንም፤ ከላይ ያሉት መደርደሪያዎች ሆዳቸው ነው የሚታየው።

ያልሠሩት

የወረቀት ፕላስተር በመቁረጫው መስመር ላይ ለጠፍን። ዋንዛው ላይ ስንጣሪውን በመጠኑ ያዘው። ቺፑዱ ላይ ግን ለውጥ አላየሁም፤ እንዲያውም ሲላጥ ሁለት ቦታ ላይ የላላውን ሽርፍ ይዞት ተነሳ።

አንዱ ሠራተኛ ዲስኩን ገልብጦ መግጠም ጥሩ ነው የሚል ነገር ሰምቶ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞክሮት ነበር። ጭስ እንጂ ቁርጥ አልሆነም። እንጨት ላይ ይህ በፍጹም አይደረግም። የካርባይዱ ጫፍ የተበየደው ከፊት ለሚመጣ ጫና ነው፤ በጀርባው ሲመታ ሊነቀል ይችላል። በ4,000 ዙር የተነቀለች ጫፍ የት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም።

የዋንዛው ጸጉራምነት ደግሞ በየትኛውም ዲስክ አልጠፋም። ጣውላው ውጭ፣ በላስቲክ ሥር ነበር የሚያድረው። የጅማ ሰኔ ደግሞ ይታወቃል። እርጥብ ክር ከመቆረጥ ይልቅ ይጎነበሳል፤ ዲስኩ ሲያልፍ ተመልሶ ይቆማል። ጋሼ ከአንድ ጣውላ ቁራጭ ወስደው ጎረቤት ባለው የእህል ሚዛን ላይ በየቀኑ መዘኑት። በየቀኑ ይቀንሳል። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያ ጣውላ አይነካም ተባለ። ለባንኮኒው ቀድሞ ጣሪያ ሥር የነበረ ሌላ ዋንዛ ተመረጠ። ይህን ያሰቡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ዲስክ ዲስክ ስል ነበር።

ውጤቱ

ውድቅ የሆኑት አምስት መደርደሪያዎች እንደ አዲስ ተቆረጡ። ቀሪዎቹ ዘጠኝ ተጨመሩ። ከ14ቱ 12ቱ ምንም እንከን አልወጣላቸውም። አንዱ መጨረሻው ላይ ጥግ ተነጠቀ፤ ሰሌዳው ከጠረጴዛው ሲያልፍ የሚቀበለው ሰው መልእክት ሲጽፍ ነበርና ሰሌዳው ዘመመ። ሌላው ላይ ሁለት ሽርፍራፊ አለ፤ በነጭ ስቱኮ ተሞልቶ ወደ ግድግዳው በኩል ዞረ። ደንበኛዋ ስለ ሁለቱም ተነገራት። ተቀበለች፤ ከዋጋው ትንሽ አስቀንሳ።

ትልቁ ክርክር የመጣው ስለ ዲስክ መቀያየር ነው። «ቀኑን ሙሉ ዲስክ ስፈታና ስገጥም ልዋል?» አሉ ጋሼ። ልክ ናቸው፤ በየቁርጡ የሚቀየር ከሆነ ማንም አይቀይረውም። ስለዚህ የተቀየረው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መተርተር በሙሉ ጠዋት ይሠራል። ከዚያ ዲስኩ አንድ ጊዜ ይቀየራል። በአግድም የሚቆረጠውና ቺፑዱ ከሰዓት ይገባል። በቀን አንድ መቀየር። ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመታ። ከሚስማሮቹ በላይ በጠመኔ «መተርተሪያ» እና «መቁረጫ» ተጻፈ። ሦስተኛው ሚስማር ባዶ ሆኖ ጠበቀ።

ለሌላ ሥራ ቤት የሚጠቅመው

ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት የተቆረጠውን ጎን በብርሃን እዩት። ጭረቱ በየዙሩ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ዘንጉ፣ ቀለበቱ ወይም ሮንዴላው ጋ ነው። ቃጠሎው በጋይዱ በኩል ብቻ ከሆነ ጋይዱ ይለካ። ሁለቱም ጎን ካረረ ዲስኩ ሙጫ ይዟል፣ ደንዝዟል ወይም ጥርሱ በዝቷል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ሱቅ ስትሄዱ የማሽናችሁን ዘንግ ስፋት በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ትልቁ የዙር ፍጥነት ከማሽናችሁ መብለጡንም እዩ። የዙር ፍጥነት ያልተጻፈበትን ዲስክ እኔ አልገዛም። በእጅ ግራይንደር ላይ ባለ ጥርስ የእንጨት ዲስክ የሚገጥሙ አሉ፤ ጅማ ላይም አይቻለሁ። ግራይንደር የሚዞረው ከዚህ ማሽን ሁለት ሦስት እጥፍ ነው፤ ጥርሱ ቢነክስ የሚያቆመው ነገር የለም።

ለመነሻ ያህል በ250 ሚሊ ሜትር ዲስክ ከ24 እስከ 30 ጥርስ ለመተርተር ይሆናል። 60 ጥርስ፣ ግራና ቀኝ የዘመመው፣ ጠንካራ እንጨትን በአግድም ለመቁረጥ በቂ ነው። 80 ለቺፑድና ለኤምዲኤፍ ነው። አንድ ዲስክ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ከ40 እስከ 50 ያለውን ይግዛ፤ ሁሉንም በመካከለኛ ደረጃ ይሠራል። እኔ በስልክ የመከርኩት፣ ባለ 80 ብቻ መግዛት፣ ግን ትልቁ ስሕተት ነው።

አገፋፉ ላይ ደግሞ «ሱታ» ሁልጊዜ አይሠራም። ሲተረተር እንጨቱ ሳይቆም፣ በእኩል ፍጥነት ይሂድ፤ መሀል ላይ ቆም ካለ እዚያው ያራል። የመጨረሻውን ስንዝር በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፉ። ጎን ቁሙ፤ ከዲስኩ ቀጥታ መስመር ላይ አትቁሙ።

በመጨረሻ የደረሰው ዲስክ

የመርካቶው ዲስክ ሥራው ከተረከበ ከሦስት ሳምንት በኋላ በአውቶቡስ መጣ። ጋሼ ደውለው ጠሩኝና አብረን ከፈትነው። ጥርሱ 80፣ አንዱ ከፍ ያለ አንዱ ጠፍጣፋ። የመሀል ቀዳዳው እንደገና 30 ነው። ልጁ ሳይነገረው ሄዶ ቶርኖ ቤት ያስቆረጥናትን ቀለበት ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ከትርፉ ነጭ ቺፑድ አንድ ቁራጭ፣ ሁለት ጊዜ ሳንቆርጥ፣ በአንዴ አሳለፍነው። የላዩ ገጽ መስታወት ነው። ጋሼ የታቹን ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ትንሽ ነገር አለች፤ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል። «የኤምዲኤፉ ድጋፍ ሰፍቷል፣ ለፊተኛው ባለ 80 የተቆረጠው ነው» አሉ፤ ልጁንም አዲስ እንዲቆርጥ ላኩት።